«ጠና» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ዛሬ በ«ቃላችንን እንወቅ» አምድ ይዤላችሁ የቀረብኩት «ጠና» የሚለውን ቃል ነው። ቃሉ ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ትልልቅ ሰዎች ሲሰሙት ፊታቸው ይለወጣል።

«ጠና» ማለት በረታ፣ ከፋ፣ ከበደ ማለት ነው። ሕመም ይጠናል፣ ረሃብ ይጠናል፣ ብርድ ይጠናል፣ ችግርም ይጠናል። «ታዲያ በጣም ከሚለው ቃል በምን ይለያል?» ትሉ ይሆናል። «በጣም» የማይገባበት ቦታ የለም። በጣም ደስ አለኝ፣ በጣም ጣፈጠኝ፣ በጣም ታመምኩ እንላለን። «በጠና ደስ አለኝ» የሚል ሰው ግን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የለም። «በጠና ታመመ» ከተባለ ሰው ጫማውን አጥልቆ ይነሳል።

እኛ ተማሪዎች ደግሞ «ከባድ ነው!» የምትለዋን ቃል ጨርሰናታል። ጎል ሲገባ ከባድ ነው፣ የሒሳብ ፈተና ከባድ ነው፣ አዲስ ጫማ ከባድ ነው። እንግዲህ እውነት ከባድ ነገር ሲመጣ ምን ልንል ነው? እንደ እኔ ከሆነ «ጠና»ን እንዲህ እንዳናደርጋት እንተዋት።

ሌላው ያስተዋልኩት ነገር አለ። ሕመሙ ሲብስ «ጠናባት» እንላለን፤ ሲሻላት ግን «ቀለለላት» እንላለን። «ባት» ሲሆን ሸክሙ ላይዋ ወደቀ፣ «ላት» ሲሆን ተነሳላት እንደማለት ነው። ዘነበበትና ዘነበለት የሚሉትንም አስተያዩ። አንዷ ፊደል ክፉና ደጉን ትለያለች።

ቃሉ በኑሮ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ያየሁት ባለፈው ክረምት አያቴ ስትታመም ነው። አክስቴ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። እናቴ የስልክ መልእክት ስትልክላት የምታስጽፈው እኔን ነው። «እማዬ በጠና ታማለች ብለሽ ጻፊ» አለችኝ። ጽፌ ሳልልከው አጎቴ ሰማና «ኧረ በጠና አትበሉ! ይህንን ካነበበች ሥራዋን ጥላ ነው የምትመጣው። ውሏ ገና አላለቀም፣ የቲኬቱንስ ከየት ታመጣለች?» አለ። እናቴ ደግሞ «ደብቀናት አንድ ነገር ቢመጣስ? ዕድሜ ልኳን ትወቅሰናለች» አለች። በአንዲት ቃል ላይ ቡናው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተከራከሩ። በመጨረሻ «በጠና» ወጣችና «እማዬን አሟታል፣ ሐኪም ቤት ወስደናታል» ተብሎ ተላከ።

አክስቴ ወዲያው ደወለች። ሰላምታም አልነበራትም። «እትዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ጠንቶባታል?» አለች። እናቴ ዝም አለች። አክስቴ በዝምታው ገባት፤ ስታለቅስ እኔ ከጎን ሆኜ ይሰማኝ ነበር። እኔ ከእናቴ ጋር ነኝ፤ ቃሏ መውጣት አልነበረባትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ እናቴ ደውላ «ዛሬ ቀለል ብሏታል፣ ሾርባም ቀመሰች» ስትላት አክስቴ «እልል» አለች፣ በስልክ!

አሁን ወደ ቃሉ ዘር እንሂድ። «ጠና» የመጣው ጸንዐ ከሚለው የግእዝ ቃል ነው። ጠነከረ፣ በረታ ማለት ነው። በአማርኛ ጸ ብዙ ጊዜ ወደ ጠ ይለወጣል፤ ጾም ጦም፣ ጸጉር ጠጉር፣ ጸሎት ጠሎት እንደሚባለው ማለት ነው። በጸ የቀረው ደግሞ «ጽኑ» የሚለው ነው። በሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል አለ፤ ሌሊትና ቀን ክትትል የሚያስፈልጋቸው፣ አንዳንዶቹም በመሣሪያ የሚተነፍሱ ሕመምተኞች የሚተኙበት ነው። በሕግም አለ። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕጋችን ቀላል እስራትና ጽኑ እስራት ይለያያሉ። ቀላል እስራት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ሲሆን፣ ጽኑ እስራት ግን ከ1 ዓመት እስከ 25 ዓመት ነው፤ ዕድሜ ልክም ሊሆን ይችላል። እዚህም የጽኑ ተቃራኒ ቀላል መሆኑን ልብ በሉ፤ ልክ እንደ አያቴ ሕመም።

እኔን ከሁሉም ያስገረመኝ ግን ይኼ ነው። «ማጥናት» የሚለውም ከዚሁ ዘር ነው! ትምህርት አጠናሁ ማለት በአእምሮዬ እንዲጸና አደረግሁት ማለት ነው። ስለዚህ ለፈተና የምናጠናውና ሕመምተኛ ላይ የሚጠናው ዘመዳሞች ናቸው። ለቅሶ ቤት ደግሞ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይባላል። ኀዘኑ ጠንቷል፤ አንቺም ጽኚ፣ እንዳትወድቂ ማለት ነው። ጉዳቱም መጽናኛውም ከአንድ ቃል መውጣታቸው ይገርማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ፦ «ጤና» የጠና ዘመድ አይደለም። ሲጻፉ ይመሳሰላሉ እንጂ ጤና የመጣው ጥዒና ከሚለው የግእዝ ቃል ነው። ትግርኛ የሚናገሩ ጓደኞቻችንን «ጤና በእናንተ ቋንቋ ምንድን ነው?» ብትሏቸው «ጥዕና» ይሏችኋል፤ ዐይኗ እዚያ አልጠፋችም።

የዚህ ወር ጥያቄ፦ «ጠና ያለ ሰው መጣ» ሲባል ሰውዬው ታሟል ማለት ነው ወይስ ሌላ? ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው ጠይቁና መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ፣ ስማችሁንና ክፍላችሁን ጨምራችሁ በሚኒ ሚዲያ ክበብ ሳጥን ውስጥ ክተቱ። በትክክል ለመለሱት ዓርብ በሰልፍ ላይ ስማቸው ይነበባል።