የዝናብ ጠብታ በጭቃ ላይ ሲያርፍ የሚያደርሰው ጉዳት

የወረኢሉ ገበሬ «መሬቴ ታጠበ» ሲል የሚያየው ጎርፉን ነው። ዳሩ ግን ጎርፉ የሚወስደውን አፈር አስቀድሞ ከቦታው የሚነቅለው ጠብታው ነው። ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠብታ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሴኮንድ 9 ሜትር ያህል ነው፤ የ1 ሚሊ ሜትሩ 4 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ክብደትና ፍጥነት አብረው ሲታሰቡ የወፍራሙ ኀይል ከቀጭኑ ከ600 እጥፍ ይበልጣል። 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሩብ ሄክታር ላይ ሲዘንብ የሚወርደው ውሃ 1,000 ኩንታል ይመዝናል።

ጭቃ እንደ ውሃ አይደለም፤ እንደ ድንጋይም አይደለም። በመዳፍ ቢቆልሉት ይቀመጣል፤ ቢመቱት ግን ለስልሶ ይፈሳል። ጠብታው ባረፈበት ጎድጎድ አድርጎ ዙሪያውን እንደ አክሊል ያነሣዋል፤ የአክሊሉም ጫፍ ተበጣጥሶ አፈር የያዘ ፍንጣቂ ይሆናል። ይህም እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ፣ እስከ 1 ሜትር ተኩል ወደ ጎን ሊዘል ይችላል፤ በተዳፋት ላይ ወደ ታች የሚሄደው ይበዛል። የደቀቀው አፈር ቀዳዳውን ስለሚደፍን ውሃው መስረጉን ትቶ ጎርፍ ይሆናል።

የልማት ሠራተኛው ይህን ለማሳየት ሁለት የተላጡ ነጭ የባሕር ዛፍ እንጨቶች ይበቁታል። አንዱን በራቁት ማሳ፣ ሁለተኛውን ገለባ በተነጠፈበት ላይ ይትከል። ከዝናብ በኋላ ጭቃው በእያንዳንዱ እስከ የት እንደ ደረሰ ገበሬው ራሱ ይለካ።

እርከን የሚሮጠውን ውሃ ያግዳል፤ ጠብታውን ግን አያግድም። የተሠራውን እርከን በሜትር ቆጥረን ሥራው አለቀ ማለታችን ስለዚህ ደግ አይደለም። የዋልካ መሬት ውሃ ስለሚተኛበት ለሽምብራና ለጓያ እስኪደርስ ሐምሌንና ነሐሴን ራቁቱን ይከርማል፤ ዝናቡ የሚበረታውም ያን ጊዜ ነው። ገለባ እንዳይነጠፍ ደግሞ ከብቱ ይፈልገዋል። ስለዚህ የተሻለው መንገድ ሰፊ መደብና ቦይ ነው። ይህ ዘዴ በ1980ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በወረኢሉም ተሞክሯል። ቦዩ ውሃውን ሲያወጣ ስንዴ ቀደም ብሎ ይዘራል፤ ቅጠሉም ለአፈሩ ጣሪያ ይሆናል።

ጣሪያው ግን ዝቅ ያለ ይሁን። ከረዥም ባሕር ዛፍ ቅጠል ተጠራቅሞ የሚወርድ ጠብታ ወፍራም ነው፤ ከ8 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ሙሉ ፍጥነቱን ሊይዝ ምንም አይቀረውም። ከዛፉ ሥር የረገፈው ቅጠል ለማገዶ ተጠርጎ ካለቀ፣ አፈሩ ከሜዳው ይልቅ ይመታል።