አራት ሚሊ ሜትር የጎደላት ቮልስ

በዛሬው የእጅ ሥራ አምዳችን ስለ መኪና እናወራለን፤ ስለ መንዳት ሳይሆን ስለ መለካት።

ባለ 53 ቁጥሯን ተወዳዳሪ ቮልስ፣ ሄርቢን፣ በፊልም ያያችኋት ትኖራላችሁ። የመጀመሪያውን ፊልም ዲዝኒ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን መኪናዋ የ1963 ሞዴል ናት። እኔ ያለችኝ የእሷ የፕላስቲክ ሞዴል ነች። ካርቶኗ ላይ 1፡24 ይላል። በኅብረተሰብ ትምህርት ስለ ካርታ መስፈርት ስንማር እንዳየነው፣ በእውነተኛዋ መኪና ላይ 24 ሴንቲ ሜትር የሆነው ነገር በሞዴሏ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት ማለት ነው። ካርቶን የጻፈውን ሁሉ ዝም ብሎ ማመን ግን የለብንም፤ ማስመሪያ አለን።

ጎረቤታችን ቮልስ አላቸው። ሊብሬው ላይ 1962 ስለሚል ከሄርቢ የምትለየው በአንድ ዓመት ብቻ ነው። "ጋሼ፣ መኪናዎን ልለካት?" ስላቸው "ለካት፤ በሜትሩ ጫፍ ቀለሟን እንዳትጭርብኝ ብቻ" አሉኝ። ከፊት ጎማ መሀል እስከ ኋላ ጎማ መሀል 2 ሜትር ከ40 ሴንቲ ሜትር ሆነች። 240 ለ24 ሲካፈል ልክ 10 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። የእኔዋ ግን 9 ሴንቲ ሜትር ከ6 ሚሊ ሜትር ነች።

"አራት ሚሊ ሜትር ምን አላት?" ትሉ ይሆናል። መልሳችሁ በ24 አባዟት፤ 96 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። ከጋሼ ቮልስ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነገር ቢቆረጥ፣ ፊት የሚቀመጠው ሰው እግሩን የት ያደርጋል?

ከባዱ ጥያቄ የጎደለው የት ጋ ነው የሚለው ነው። ይህ ሳይታወቅ መጋዝ መያዝ የለም። የበሩን ስፋት፣ ከበሩ እስከ ኋላ ጎማ፣ ከበሩ እስከ ፊት ጎማ ያለውን እየለካሁ ለ24 አካፈልኩ። በሩም ኋላውም ደህና ናቸው፤ ያጠረው በፊት ጎማና በበሩ መካከል ያለው ነው። ለማረጋገጫ ጠቅላላ ርዝመቷን አየሁ። እውነተኛዋ 4 ሜትር ከ7 ሴንቲ ሜትር ስለሆነች ሞዴሏ ወደ 17 ሴንቲ ሜትር መጠጋት አለባት፤ እሷ ግን 16 ሴንቲ ሜትር ከ6 ሚሊ ሜትር ናት። እዚህም የጎደለው ያው አራት ነው! ስለዚህ መቆረጥ ያለባት ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከመስታወቱ በታች ነው።

ታናሽ ወንድሜ "ደህናዋን መኪና ልታበላሻት ነው" ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነው፤ ሌላ የለችም፣ የተቆረጠ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። ለዚህ ነው አስቀድሜ ቅርጿን በወረቀት ሠርቼ ወረቀቱን የቆረጥኩት። በሞዴሏ ላይም ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ መሀል ለመሀል በእርሳስ ቀጥ ያለ መስመር አሰመርኩ። ሁለቱ ቁራጮች ሲጋጠሙ መስመሩ ከተጣመመ መኪናዋም ጠማማ ናት ማለት ነው።

በሴጌቶ የቆረጠልኝ ታላቅ ወንድሜ ነው (ትንንሾች፣ ይህን ብቻችሁን አትሞክሩ)። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ፤ መጋዙ ራሱ ፕላስቲክ ይበላል። የእኛ ሴጌቶ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚበላ፣ የሚገባው ማካካሻ 4 ሳይሆን 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያስፈልገዋል። ማካካሻውን የሠራሁት ከተሰበረ የፕላስቲክ ማስመሪያ ነው። የጀሪካን ፕላስቲክ አይሆንም፤ ሱፐር ግሉ አይዘውም፣ ደርቆ ይላቀቃል። ጎኗና ኮፈኗ ክብ ስለሆኑ አንድ ረጅም ቁራጭ አይታጠፍላችሁም፤ ትንንሽ አድርጋችሁ ጎን ለጎን ደርድሩ። ወለሏም በዚያው ልክ መርዘም አለበት፤ አለዚያ ጎማዎቹ የድሮ ቦታቸው ላይ ይቀራሉ። ሙጫው ሳይደርቅ የመስታወት ጠረጴዛ ላይ አቁሟትና አራቱም ጎማዎች መንካታቸውን እዩ። ስንጥቁን የመኪና ስቱኮ ቀብታችሁ፣ በማግስቱ በብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነካችሁ አለስልሱ። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፤ ሁለት ከሰዓት በኋላ ፈጅቶብኛል።

አሁን ወደ ፊቷ እንምጣ። እስከ 1967 ሞዴል ድረስ፣ አሜሪካ ከሚሸጡት በቀር፣ የቮልስ የፊት መብራት ወደ ኋላ ጋደል ያለና በመስታወት የተሸፈነ ነበር። ቀጥ ብሎ የቆመው መብራት የ1968 ሞዴል ነው። የእኔዋ የ1963 ነኝ እያለች ቀጥ ያለውን አድርጋለች፤ አያት የልጅ ልጇን መነጽር እንዳደረገች ቁጠሩት። የላይኛውን ጠርዝ በሞረድ ወደ ኋላ እየሞረድኩ፣ የታችኛውን በስቱኮ እየሞላሁ አጋደልኩት። መስታወቱን ያገኘሁት ከክኒን ማሸጊያ ነው፤ ክኒኑ የሚቀመጥበት ብርሃን አስተላላፊው ጉብታ በትክክል ልክ ሆነ።

መስኮቶቿን ግን ተውኳቸው። የቮልስ መስኮት ሰፋ ያለው በ1965 ሞዴል ሲሆን የእኔዋ ሰፊውን ነው የያዘችው። በዚህ መስፈርት ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እሱን ለማጥበብ ስል ቀጫጭኖቹን ምሰሶዎች ብሰብር ከትርፉ ኪሳራው ይበልጣል ብዬ ነው። የሒሳብ መምህራችን "ታዲያ አራቱን አስተካክለህ አንዱን ለምን ተውክ?" ብለውኛል፤ እስካሁን እየተከራከርን ነን።

ቀለሟ ከነጭ ይልቅ ወደ ክሬም ያደላል፤ 53 ቁጥሩን በክብ ውስጥ በኮፈኗና በሁለቱ በሮቿ ላይ ጽፌያለሁ። ከሰኞ ጀምሮ በሚኒ ሚዲያ ክፍላችን መስኮት ላይ ትቆማለች። ለማየት ስትመጡ ማስመሪያ ይዛችሁ ኑ፤ ከጎማ መሀል እስከ ጎማ መሀል ለኩና ያገኛችሁትን ከጎኗ ባለው ወረቀት ላይ ከነክፍላችሁ ጻፉ።