ብርድ እንቅልፍን ያባርራልን?

ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሞተር ብስክሌት የሚጓዝ ሰው፣ ፊቱን የሚገርፈው የመንዝ ብርድ እንቅልፉን የሚያባርርለት ሊመስለው ይችላል። የእንቅልፍ ግፊት ግን ከአንጎል የሚመነጭ ነው፤ ነቅተን በቆየን መጠን አዴኖሲን የተባለው ንጥረ ነገር በዚያ ይጠራቀማል። ብርድ ይህን ክምችት አይቀንስም፤ ቡናም ሥራውን ለጊዜው ይጋርዳል እንጂ አያስወግደውም።

በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት፣ 17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው የእጅና የዓይን ቅንጅት በደሙ 0.05 ከመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ አሳይቷል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት የተነሣ ነጂ እዚህ ደረጃ የሚደርሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ለ3 ሴኮንድ ቢያሸልብ 50 ሜትር ሳያይ ያልፋል። መድኃኒቱ እንቅልፍ ብቻ ነው፤ ዓይን ሲከብድ ከመንገድ ወጥቶ ማሸለብ ይገባል።