የሩዝ ችግኝ ከተዛወረ በኋላ ስለ ማገገሙ

በአገራችን ሩዝ በብዛት ከሚበቅልባቸው ስፍራዎች አንዱ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በዚያ ከተለመደ ወዲህ ለብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ ሆኗል። ብዙው ገበሬ ዘሩን በትኖ ይዘራል፤ አንዳንዱ ግን አስቀድሞ በመደብ አፍልቶ ችግኙን እየነቀለ ይተክላል። እንዲህ ያለው ገበሬ ሳይተክል ቅጠሉን ሊቈርጥ ይገባዋልን? ይህን ለማወቅ የሥርንና የቅጠልን ሥራ መለየት ያስፈልጋል።

ሥር ውሃ ይጠጣል። ቅጠል ከዚያው ውሃ የሚበዛውን ወደ አየር ያወጣል፤ ደግሞም በፀሐይ ብርሃን የተክሉን ምግብ ያዘጋጃል። ችግኝ ሲነቀል ቀጫጭኖቹ ሥሮች ይበጠሳሉ። የሚጠጣው ውሃ ሲያንስ በቅጠሉ የሚወጣው ግን ስለማይቆም፥ ችግኙ ለጥቂት ቀናት ይጠወልጋል።

ቅጠሉ ጥቂት ቢቈረጥ የሚወጣው ውሃ ይቀንሳል፤ ረዥሙም ችግኝ በነፋስ አይወድቅም። ነገር ግን አዲስ ሥር የሚበቅለው ቅጠል ባዘጋጀው ምግብ ነው። ስለዚህ ቅጠሉን አብዝቶ የቈረጠ ሰው፥ ለቍስለኛ የሚሰጠውን ምግብ እንደ ነሣ ይቈጠራል። የተቈረጠውም ስፍራ ለቅጠል አድራቂ በሽታ በር ይከፍታል።

እንግዲህ ችግኙ ቁመቱ መጠነኛ ከሆነ አለመቍረጥ ይሻላል። እጅግ የረዘመ እንደሆነ ግን በንጹሕ ማጭድ ጫፉን ብቻ፥ ከሢሶው ሳያልፍ መቍረጥ ይበቃል፤ የሩዝ አዲስ ቅጠል የሚወጣው ከታች፥ ከሥሩ አጠገብ ካለው እምብርት ስለሆነ መልሶ ያድጋል። ከሁሉ የሚበልጠው ሥሩን መጠበቅ ነው፤ ይኸውም መደቡን አጠጥቶ በቀስታ መንቀል፥ በዚያው ቀን መትከል፥ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ማጥለቅ ነው።

ፎገራ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለሆነ፥ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሌሊቱ ይበርዳል። በማገገም ብዙ ቀን ያባከነ ሩዝ አበባው ከብርዱ ጋር ይገናኛል፤ ያን ጊዜ ዛላው ፍሬ አልባ ገለባ ሆኖ ይቀራል።

ሩዝ በሌለበት፥ ለምሳሌ በአዲስ አበባ በቦሌ ሚካኤል የሚማሩ ልጆች፥ ነገሩን በጐመን ችግኝ ይፈትኑት። 5 ችግኝ ሳይቈረጥ፥ 5 ሢሶው ቅጠል ተቀንሶ፥ 5 ደግሞ ከግማሽ በላይ ቅጠሉ ተቀንሶ በአንድ ቀን ይተከል። የጐመን እምብርት ከላይ ነውና አይነካ። ሁሉንም እኩል አጠጥተው፥ እያንዳንዱ አዲስ ቅጠል ያወጣበትን ቀን በደብተር ይጻፉ።