ጀልባ ከውኃ ሲወጣ የት ይደር?

ፍኖተ ሰላም ሐይቅ የላትም። በአቅራቢያዋ የሚፈስሱት ላህና ብር፣ በቡሬ በኩል ያለው ፈጣምም ቢሆኑ ክረምት ሲገባ ደፍርሰው የሚሞሉ፣ በጋ ሲገፋ የሚቀጥኑ ወንዞች ናቸው። ለሽርሽር ጀልባ የሚሰማራባቸው አይደሉም። ሆኖም ከአዲስ አበባ ተነስቶ በከተማችን የሚያልፈው አስፋልት ከእኛ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጣና ዳር ይደርሳል። ባሕር ዳር ሄዶ በጀልባ ሥራ ለመተዳደር ወይም ከጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ጀልባ ለመግዛት የሚያስብ የምዕራብ ጎጃም ወጣት ይህን ትምህርት ከመግዛቱ በፊት ቢያገኘው ይጠቀማል።

ስለ ጀልባ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ አቀዛዘፍና ስለ ሞተር ጉልበት ነው። የመዝናኛ ጀልባ ግን ከዓመቱ አብዛኛውን ቀን የሚያሳልፈው ቆሞ ነው። ስለዚህ ዕድሜውን የሚወስነው በአብዛኛው አቀማመጡ ነው። የአቀማመጥ ሁሉ መሠረት ደግሞ ማድረቅ ነው፤ ሌላው ጥንቃቄ በሙሉ ይህን ለማገዝ የሚደረግ ነው።

የባለታንኳዎች ዕውቀት

በአገራችን ጀልባ ማኖርን ከጥንት ጀምሮ ከሚያውቁት መካከል የጣና ባለታንኳዎች ይገኛሉ። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል በሐይቁ ዳር ረግረግ ላይ የሚበቅል፣ ከሰው ቁመት በላይ የሚረዝም ተክል ነው። በዚህ ሙያ ለብዙ ትውልድ የታወቁት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው። ደንገሉ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ሆኖ ይጠፈራል፤ ፊቱም ወደ ላይ እንዲቀና ተደርጎ ይታሰራል።

የደንገል አገዳ ሲቆረጥ ሦስት ማዕዘን ነው። ከቀጭኑ ልጣጭ ሥር ያለው ነጭ ክፍል አየር በያዙ ጥቃቅን ክፍተቶች የተሞላ ነው። ታንኳውን የሚያንሳፍፈው ይህ አየር ነው። ውኃ ላይ በቆየ ቁጥር ግን ውኃ በተቆረጡት ጫፎችና በተሰነጠቁት ቦታዎች ቀስ እያለ ይገባል፣ አየሩም ይወጣል። አርኪሜደስ እንዳስተማረን ተንሳፋፊ ነገር የሚቆመው የገፋው ውኃ ክብደት የራሱን ክብደት ሲያህል ነው። ታንኳው ውኃ በጠጣ መጠን ይከብዳል፣ ወደ ታች ይጠልቃል፣ የሚሸከመው ጭነትም ይቀንሳል። ከዚያ በላይ ደግሞ እርጥቡ ደንገል ይበሰብሳል።

ባለታንኳው ስለዚህ ሥራውን ሲጨርስ ታንኳውን ውኃ ላይ አስሮ አይሄድም። ወደ ዳር ጎትቶ ያወጣዋል፣ ነፋስና ፀሐይ እንዲያገኘው ያደርጋል። ውስጡ የተነጠፈው የደንገል ወለልም ተነስቶ ለብቻው ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እንዲህ ተጠብቆም የታንኳ ዕድሜ በወራት የሚቆጠር ነው፤ ካልደረቀ ከዚያም ያጥራል። እዚህ ላይ ማድረቅ ከቀዘፋው እኩል የዕለት ሥራ መሆኑን ልብ በሉ።

የጣና ደንገል በአትላንቲክ ላይ

ይህ ዕውቀት በዓለም ፊት የተፈተነበት አጋጣሚ አለ። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ተነሳ። ከጣና የተቆረጠ ደንገል ወደ ግብፅ ተጓጉዞ በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ከቻድ በመጡ ባለሙያዎች እጅ ጀልባ ሆነ፤ ስሙም «ራ» ተባለ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1969 ከሞሮኮዋ የሳፊ ወደብ ተነስቶ ለሁለት ወር ያህል ተጓዘ። ነገር ግን የኋላው ክፍል ውኃ ጠጥቶና ተዳክሞ ካሪቢያን ሳይደርስ ተጓዦቹ ሊተዉት ግድ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ከቦሊቪያ የቲቲካካ ሐይቅ በመጡ ባለሙያዎች የተሠራው «ራ 2» በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ አሠራር ለውጥ ያመጣል። ሁለተኛ፣ ውቅያኖስ ላይ ያለ ጀልባ በየማታው ዳር ወጥቶ ፀሐይ የሚሞቅበት ዕድል የለውም፤ የጣናው ታንኳ ግን አለው። የጣና ሰው ታንኳውን የሠራው በየቀኑ እንደሚያደርቀው አስቀድሞ አውቆ ነው።

ቆሞ ያለ ጀልባ አራት ጠላቶች

ዛሬ በጣና ላይ ከታንኳ ጎን የእንጨት፣ የብረትና የፋይበርግላስ ጀልባዎች ይሠራሉ። ቁሱ ቢለያይም ጠላቶቻቸው ተመሳሳይ ናቸው።

የመጀመሪያው ተኝቶ የቀረ ውኃ ነው። እንጨትን ያበሰብሳል፣ ብረትን ያዝጋል፣ በፋይበርግላስ ውስጥ በስንጥቅ ሰርጎ ሽፋኑን ያሳብጣል።

ሁለተኛው ፀሐይ ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከባሕር ወለል በ1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ግቢያችን የሚደርሰው ጨረር ከምፅዋ ወይም ከጅቡቲ ዳርቻ ይልቅ የበረታ ነው። ቀለምን ያነጣል፣ የናይለን ገመድን ያደርቃል፣ የፋይበርግላስን ገጽ እንደ ጠመኔ ዱቄት ያደርገዋል። የእንጨት ጀልባ ደግሞ ቀጥተኛ ፀሐይ ላይ ሲውል ሳንቃው ይኮማተርና መጋጠሚያው ይከፈታል። ለእነዚህ ጀልባዎች ማድረቅ ማለት እንደ ታንኳው ፀሐይ ላይ መተው ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ተረዱ፤ የሚፈለገው ነፋስ የሚገባበት ጥላ ነው።

ሦስተኛው የጀልባው የራሱ ክብደት ነው። ውኃ ጀልባን ከሥሩ በሙሉ እኩል ይደግፈዋል። መሬት ላይ ግን በሁለት ድንጋይ ብቻ ከተቀመጠ ክብደቱ ሁሉ እነዚያ ሁለት ነጥቦች ላይ ይወድቃል፤ ከወራት በኋላ ሆዱ ይጎብጣል ወይም ይሰነጠቃል።

አራተኛው ለእኛ አገር ገበሬ ማስተዋወቅ የማያስፈልገው ምስጥ ነው። መሬት የነካ የእንጨት ጀልባ ለምስጥ የተጋገረ እንጀራ ነው። አይጥም ከሸራ ሥር ጎጆ ትሠራለች፣ የኤሌክትሪክ ሽቦም ትቆርጣለች።

የዝናብ ውኃ ሒሳብ

ይህን በቁጥር እንየው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር የሆነ ክፍት ጀልባ ግቢ ውስጥ ቆሟል እንበል። ለሒሳቡ እንዲመች አራት ማዕዘን አድርገን ብንወስደው ስፋቱ 12 ካሬ ሜትር ነው። በአንድ የክረምት ሌሊት 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ውስጡ የሚጠራቀመው 12 ጊዜ 50፣ ማለትም 600 ሊትር ነው። የአንድ ሊትር ውኃ ክብደት አንድ ኪሎ ስለሆነ ጀልባው በአንድ ሌሊት ስድስት ኩንታል ተጫነበት ማለት ነው። ድጋፉ ደካማ ከሆነ እስኪነጋም ላይቆይ ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የጀልባው የውኃ ማውጫ መድፈኛ ይነቀልና ቁልፍ ከሚቀመጥበት ቦታ ይሰቀል። የጀልባው ፊት ከኋላው ትንሽ ከፍ ይበል፤ የገባው ውኃ በቀዳዳው ይወጣል። ሸራ ከተሸፈነ መሐሉ በእንጨት ተደግፎ የቤት ክዳን ቅርጽ ይያዝ። የረገበ ሸራ ውኃ ያቁርና ክብደቱን መልሶ ጀልባው ላይ ይጥላል።

በግቢ ውስጥ ማኖር

የሚመረጠው ቦታ ጎርፍ የማያልፍበት፣ ከምድጃና ከማገዶ የራቀ፣ ጀልባው ሲገባም ሲወጣም በር የማይጠብበት ነው። ጣራው ቆርቆሮ፣ ጎኑ ክፍት ቢሆን ይመረጣል። አራቱም ወገን የተዘጋ ክፍል ነፋስ ካላገኘ ሻጋታ ያመጣል። ላስቲክ ከጀልባው ገላ ጋር አጣብቆ መጠቅለልም እንዲሁ ነው፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው እርጥበት ጤዛ ሆኖ ይቀራል።

ባሕር ዛፍ በአካባቢያችን እንደ ልብ ስለሚገኝ መደገፊያ ለመሥራት አንቸገርም። አግዳሚዎቹን በድንጋይ ወይም በብሎኬት ላይ አንሱ፤ እንጨት ከአፈር ጋር አይገናኝ። ከጀልባው ፊት፣ ከመሐሉና ከኋላው በትንሹ ሦስት ቦታ ይደገፍ። ዋናው ክብደት በሆዱ መሐል በሚያልፈው አጥንት ላይ ይረፍ፤ የጎን ድጋፎች እንዳይጋደም ብቻ ይያዙት። በእንጨቱና በጀልባው መካከል አሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጦ ማስገባት ከመፋተግ ያድናል። የምስጥ መንገድ በድጋፎቹ ላይ መጀመሩን በየሳምንቱ ማየት ከማንኛውም መድኃኒት ይቀድማል።

ግቢው ጠባብ ለሆነ ቤተሰብ በአየር የሚነፋ የጎማ ጀልባ ሌላ አማራጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በእንግሊዛዊው መኮንን ጆን ብላሽፎርድ-ስኔል የተመራው ቡድን ዓባይን ሲወርድ ከተጠቀመባቸው ጀልባዎች መካከል እንዲህ ዓይነቶቹ ነበሩ። አየሩ ሲወጣ ከክፍሉ አንድ ጥግ ይበቃዋል። ነገር ግን እጥፋቱ ውስጥ እርጥበት ከቀረ ይሻግታል፤ ተነፍቶ ሳለ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ በስሱ ይታጠፍ፣ አይጥ ከማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

ሞተርና ቤንዚን

ሞተሩ ከጀልባው ተነጥሎ፣ ቀጥ ብሎ በመቆሚያው ላይ ይቀመጥ፤ ውስጡ የቀረው የማቀዝቀዣ ውኃ በራሱ ጊዜ እንዲወርድ ነው። ለወራት የሚቆም ከሆነ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ይውጣ። ቤንዚን ሲቆይ ይበላሻል፣ ሙጫ መሰል ዝቃጭም ትቶ ቀጫጭኖቹን ቀዳዳዎች ይደፍናል። የታችኛው ክፍል ዘይት ሲቀየር ወተት መስሎ ከወጣ ውኃ ገብቷል ማለት ነው፤ ውኃ እንዳይገባ የሚከላከለው ጎሚኒ ይፈተሽ። ባትሪው ተነቅሎ በየጊዜው ይሞላ። ትርፍ ቤንዚንን ግን እሳት በሚነድበት ቤትም ሆነ ሰው በሚተኛበት ክፍል አታኑሩ፤ ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ በወለሉ እየተሳበ ከምድጃ ሊደርስ ይችላል።

ቦታ ተከራይቶ ማኖር

ጀልባው የሚሠራው ጣና ላይ፣ ባለቤቱ የሚኖረው ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ከሆነ ባሕር ዳር አካባቢ ግቢ መከራየት የተሻለ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ መለየት ያለበት ቁም ነገር፣ ቦታ ተከራያችሁ ወይስ ጀልባውን አደራ ሰጣችሁ የሚለው ነው። ቦታ ብቻ ከተከራያችሁ ጥበቃው በመሠረቱ የእናንተ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ግን ንብረቱን ጠብቆ የመመለስ ግዴታ አለበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ አደራ ውል ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ስለዚህ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነም በግልጽ ይናገር። ጀልባው በገባበት ቀን የነበረው ሁኔታ በፎቶ ይያዝ፣ የሞተሩ ቁጥር፣ መቅዘፊያው፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያው ሁሉ በዝርዝር ይጻፍ። ሸራውን ማን እንደሚያስተካክል፣ ቁልፉ ማን ዘንድ እንደሚያድር፣ ጉዳት ሲደርስ ማን በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚያሳውቅ ይስፈር።

ውኃ ላይ አስሮ መተው ኪራይ ያስቀር ይሆናል፤ ግን የጣና ከፍታ እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል። በክረምቱ መጨረሻ ሞልቶ፣ በበጋው መጨረሻ ይጎድላል። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ እጅግ በመጉደሉ የመርከብ ጉዞ እስከ መቋረጥ ደርሶ ነበር። ገመዱ አጥሮ የታሰረ ጀልባ ውኃው ሲሞላ ይዘቀዘቃል፤ ሲጎድል ድንጋይ ላይ ይቀመጣል።

እምቦጭን ይዞ አለመምጣት

ማድረቅ ከጀልባው አልፎ ለሐይቆቻችንም ነው። መገኛው ደቡብ አሜሪካ የሆነው እምቦጭ በጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ታወቀ፤ ከዚያ ወዲህ የዓሣ አጥማጁንም የገበሬውንም ኑሮ አውኳል። ከአንዲት ቁራጭ ተነስቶ ይራባል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ጣና የነበረ ጀልባ በመኪና ተጭኖ እንጅባራ አጠገብ ወዳለው ዘንገና ወይም ከሕዳሴው ግድብ ጀርባ ወደተኛው ንጋት ሐይቅ ቢሄድ፣ ሞተሩ ላይ የተጠመጠመች አንዲት ቁራጭ ይህን መከራ ይዛ ልትሄድ ትችላለች።

ስለዚህ ጀልባው ገና ሐይቁ ዳር ሳለ አረሙ በእጅ ይለቀም፣ ጭቃው ይታጠብ፣ ውስጡ ያለው ውኃ እዚያው ይፍሰስ። ከዚያ ወደ ሌላ ውኃ ከመግባቱ በፊት ቤት ቆሞ በደንብ ይድረቅ።

የዓመቱ ሥራ በቅደም ተከተል

ግንቦት፦ ዝናቡ ሳይበረታ ጀልባው ይወጣል፣ ይታጠባል፣ በጥላ ይደርቃል። መድፈኛው ይነቀላል፣ ድጋፉ ይፈተሻል፣ ሸራው ይወጠራል።

ከሰኔ እስከ ነሐሴ፦ ከከባድ ዝናብ በኋላ ሁሉ የውኃ መውጫው ቅጠል እንዳልደፈነው ይታያል። የዝናብ ፋታ ባለበት ቀን ሸራው ገለጥ ተደርጎ ይናፈሳል።

መስከረም፦ ሸራው ይነሳል፣ ስንጥቅና ዝገት ይጠገናል፣ ሞተሩ ይሞከራል። የእንጨት ጀልባ ከሆነ ሳንቃው እንዲጠጣና መጋጠሚያው እንዲዘጋ ሰው ሳይጫንበት ዳር ላይ ውኃ ውስጥ ይቆያል። መድፈኛው ከተሰቀለበት ወርዶ ቦታው መመለሱን ሁለት ሰው ያረጋግጥ።

ይህ ሁሉ ከፍ ያለ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የጣና ባለታንኳ በየቀኑ የሚያሳየውን ትጋት ነው። ጀልባ ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት የት እንደምታደርቁት ወስኑ። የሚደርቅበት ቦታ ያላገኛችሁለትን ጀልባ ለመግዛት አትቸኩሉ።