ጎርፍ ሁሉን እኩል አይጎዳም
(ከተማን በመረጃ ስለማቀድ የቀረበ ትምህርታዊ ጽሑፍ)

የአየር ጠባይ መረጃና የማኅበራዊ ኑሮ መረጃ ለከተማ ፕላን ምን ይጠቅማሉ? ፑኝዶን በምሳሌነት ወስደን ባጭሩ እንመለከታለን።

1. ውሃው ከየት ይመጣል?

ፑኝዶ በጎግ ወረዳ በጊሎ ወንዝ አጠገብ የምትገኝ ከተማ ናት። ጊሎ ከምሥራቁ ደጋ፣ ባሮም ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ ይወርዳሉ። ስለዚህ ቆላው ላይ ሰማዩ ጠርቶ እያለ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። በሰፈራችን የዘነበውን ብቻ ከለካን ጎርፉ ሳናስበው ደጃፍ ይደርሳል ማለት ነው። የደጋው ዝናብና የወንዙ ከፍታ አብረው መመዝገብ አለባቸው።

2. ያለፈው ምን ያስተምረናል?

በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሺህ ሕዝብ ወደ ጋምቤላ ገባ። በዚያው ዓመት በበጋው ወራት በኑዌር ዞን የሌይችዎር መጠለያ ጣቢያ ተከፈተ። በጋ ላይ መሬቱ ደረቅ ነው፤ ምን ችግር አለ ያሰኛል። ነሐሴ ሲደርስ ግን ጣቢያው በውሃ ተዋጠ። በ2007 ስደተኞቹን ወደ ጀዊ ማዛወር ግድ ሆነ። በነሐሴ 2014ም ባሮ ሞልቶ የጋምቤላን ከተማ አጥለቀለቀ። እንግዲህ ቦታ የሚመረጠው በጥር ወር መልኩ ሳይሆን በነሐሴ ወር መልኩ ነው።

3. ሁለቱ መረጃዎች

ሀ/ የአየር ጠባይና የመሬት መረጃ፦ የዝናብ መጠን፣ የወንዝ ከፍታ፣ ረባዳ ቦታ፣ ያለፈው ጎርፍ የደረሰበት ምልክት። ይህን የመጨረሻውን ከሽማግሌዎች በላይ የሚያውቅ የለም።

ለ/ የማኅበራዊ ተጋላጭነት መረጃ፦ ሕጻናት፣ አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮች፣ አካል ጉዳተኞች፣ ብቻቸውን ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ እናቶች ስንት ናቸው? ቤቱ የሣር ጎጆ ነው ወይስ ቆርቆሮ? ወሬው በምን ቋንቋ ይደርሳቸዋል?

4. መልመጃ (ቁጥሮቹ ለትምህርት ብቻ የተሰጡ ናቸው)

የጎርፍ አደጋንም ተጋላጭነትንም ከ1 እስከ 3 ነጥብ እንስጥና እናባዛ።

ሰፈር ሀ፦ ወንዝ ዳር ነው፣ 3። ነዋሪው አብዛኛው ጎልማሳ፣ ከፍተኛ ቦታም ቅርብ ነው፣ 1። ውጤት፦ 3 × 1 = 3።

ሰፈር ለ፦ ከወንዙ ራቅ ይላል፣ 2። አረጋውያንና ሕጻናት የበዙበት፣ መንገዱም በጭቃ የሚዘጋ ነው፣ 3። ውጤት፦ 2 × 3 = 6።

ካርታውን ብቻ ያየ ሰው መጀመሪያ ወደ ሀ ይሮጣል። ሁለቱን መረጃ ያገናኘ ግን መንገዱንና ማስጠንቀቂያውን ከለ ይጀምራል። ይህ ማለት ግን ሀ ይረሳ ማለት አይደለም።

5. ጥንቃቄ

አንደኛ፣ በአገራችን የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ተወልዷል፣ ስንቱስ መጥቷል! ፑኝዶ ደግሞ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ስደተኛ የምታስተናግድ ናት። ነዋሪው በአንድ መዝገብ፣ ስደተኛው በሌላ መዝገብ ቢጻፍም ጎርፉ መዝገብ አይለይም፤ ፕላኑ ሁለቱንም ማየት አለበት።

ሁለተኛ፣ ወንዙ ጠላት ብቻ አይደለም። አኙዋው ውሃው ሲሸሽ እርጥቡ ዳርቻ ላይ በቆሎ ይዘራል። መረጃ ሰውን ከእርሻው ማፈናቀያ ከሆነማ ምኑን ጠቀመ? ቤቱና ትምህርት ቤቱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሆነው ወደ ማሳው መንገድ ይኑር።

6. የመምህሩ ድርሻ

የተማሪዎች መዝገብ በእጃችን ነው። የትኛው ልጅ ከየት እንደሚመጣ፣ መንገዱ በየትኛው ወር እንደሚዘጋ መምህሩ ቀድሞ ያውቃል። ይህን በየዓመቱ አጠናቅሮ ለቀበሌው ማድረስ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ቁጥሩ እንጂ የቤተሰቡ ስም ግድግዳ ላይ አይለጠፍ።

ለውይይት

1/ ተመድባችሁ በምትሄዱበት ሰፈር የጎርፍ ምልክት ማንን ትጠይቃላችሁ?
2/ ትምህርት ቤቱ መጠጊያ ይሁን ቢባል ምን ምን ያስፈልገዋል?
3/ በመዝገብ ላይ የማይገኘው ማን ነው? ለምን?