ወደ ቺኩቡሺማ ለምትሻገሪ

ልጄ፣ ኪዮቶ ድረስ ከሄድሽ አይቀር ቢዋ ሐይቅን ሳታዪ እንዳትመለሺ። በሐይቁ ላይ ያለችው ደሴት፣ ቺኩቡሺማ፣ ዙሪያዋ 2 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነች፣ ደን የለበሰች ዐለት ናት።

1. ከሁሉ በፊት የጀልባውን ሰዓት ጠይቂ። ከናጋሃማ ወደብ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ ነፋስ ከበረታ ግን ይቀራል፣ በብርድ ወራትም ምልልሱ ይሳሳል። ካህናቱም ባለሱቆቹም ማታ ማታ ወደየቤታቸው ስለሚሻገሩ እዚያ የሚያድር የለም።

2. 165 የድንጋይ ደረጃ ይጠብቅሻል። ተረከዛም ጫማ ይቅርብሽ።

3. በደሴቷ ላይ ሁለት መቅደሶች አሉ፤ ሆጎንጂ የቡድሃ፣ ጹኩቡሱማ የሺንቶ ነው። ዱሮ አብረው ኖረዋል፤ የሜይጂ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1868 ሁለቱ እምነቶች ይለያዩ ብሎ ባዘዘ ጊዜ ነው ድንበር የወጣላቸው። አዋጁ ግን መተላለፊያውን አላፈረሰውም፤ ዛሬም በአንድ የእንጨት ኮሪደር ከአንዱ ወደ ሌላው ትገቢያለሽ። እንጨቱ ከዱሮው የጃፓን ገዢ ከቶዮቶሚ ሂዴዮሺ መርከብ የተወሰደ ነው ይላሉ። አልፈሽው አትሂጂ፤ ወርደሽ ከሥር አንጋጠሽ እዪው፤ በገደሉ ላይ በረጃጅም ምሰሶዎች ነው የቆመው። የጹኩቡሱማ ዋና አዳራሽም ከዚሁ ሰው የፉሺሚ ቤተ መንግሥት እንደመጣ ይነገራል። የበሮቹን የአበባ ቅርጽ ጠጋ ብለሽ ካላየሽ ግን ምኑን ሄድሽ?

4. በጹኩቡሱማ የሚጸልዩ ሰዎች ሁለቴ እጅ ነሥተው፣ ሁለቴ አጨብጭበው፣ አንዴ ደግመው እጅ ይነሣሉ። እምነትሽ ካልሆነ አታድርጊው፣ የሚያስገድድሽ የለም፤ ማተብሽንም አትደብቂ። ብቻ በሚጸልይ ሰው ፊት አትለፊ፤ ካሜራሽን ወደ ፊቱ አትደግኚ። እንግዳ ነሽ።

5. በሐይቁ ፊት ለፊት ካዋራኬ የሚባሉ ትንንሽ የሸክላ ሳሕኖች ይሸጣሉ። አንዱ ላይ ስም፣ ሌላው ላይ ምኞት ይጻፋል፤ ከዚያ ከታች በገደሉ አፋፍ ወደ ቆመው የቶሪ በር ይወረወራሉ። መካከሉን ያለፈ ምኞቱ ይሠምራል ይባላል። የበሩ ሥር በስባሪ ተሸፍኗል፤ የሳተው እንደሚበዛ ከዚያ ታውቂያለሽ። እኔ ብሆን መወርወሩን ትቼ ወርዋሪዎቹን አያለሁ።

6. ደኑ ውስጥ የደረቁ ዛፎች ብታዪ እሳት እንዳይመስልሽ። ዓሣ የሚያድኑ ጥቁር ወፎች በብዛት ሰፍረው በኩሳቸው ያደረቋቸው ናቸው፤ ጃፓኖቹ ቁጥራቸውን ለመቀነስ ብዙ ደክመዋል።